አመዳይ የማያርፍባት መሬት

ቤቱን የገዛሁት ለሽንት ቤቱ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ግቢው ሰፊ ስለሆነ» እላለሁ፣ «ለገበያው ስለሚቀርብ» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ከዚህ የተሻለ ግድግዳ ያለው፣ ቆርቆሮው ያልዛገ፣ በሩ ሲከፈት እንደ አህያ የማይጮህ ቤት ሞልቷል። እንደ ወንበር የሚቀመጡበት፣ ከመኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሽንት ቤት ያለው ግን ከዞርኳቸው ሁሉ ይሄ ብቻ ነበር። ደላላው የሳሎኑን ስፋት ሊያሳየኝ ሲለፋ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ መቀመጫውን በሁለት እጄ እነቀንቃለሁ። «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ።

የታመሙት አባቴ ናቸው። ይሄነው ይባላሉ፤ ወግዲ ገጠር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው። አምና ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ጉልበታቸው ግን መታጠፍ እምቢ አለ። መቀመጥ ይችላሉ፣ በከዘራ ቀስ ብለው መሄድም ይችላሉ፤ ቁጢጥ ማለት ግን ቀረ። እናቴ ስለሌለች ወደ እኔ አመጣኋቸው። ያኔ የተከራየሁበት ግቢ ሽንት ቤቱ ጓሮ ያለ የጋራ ጉድጓድ ስለነበር ፖፖ ገዛሁ። ማለዳ ማለዳ ፖፖውን ይዤ ስወጣ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ስም የለውም፤ «እዚያ» ነው፣ «ውጪ» ነው፣ «ያ ነገር» ነው። አባቴ መላውን ብቻቸውን ዘየዱ፤ መጠጣት ተዉ። ቀጥለው መብላት ቀነሱ። ያልገባ ነገር አይወጣም ነው ነገሩ።

ጤና ጣቢያ ስወስዳቸው ሐኪሟ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «አባባ፣ ውሃ ካልጠጡ ኩላሊትዎ ይደክማል። ከደከመ ደግሞ እኛ እዚህ ምንም ልናደርግልዎ አንችልም።» እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ቤት ስንገባ ብርጭቆውን ከንፈራቸውን አስነክተው መልሰው አስቀመጡት። እኔ ሳዝን የምናደድ ሰው ነኝ። በሩን ጓ አድርጌ ወጣሁና በዚያው ቤት ፍለጋ ጀመርኩ።

የሸጡልኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ባላቸው አሕመድኑር ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ኖረው አሁን ደሴ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ቁልፉን ሲሰጡኝ እጄን ያዝ አድርገው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ራቅ ብሎ፣ ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረላት፣ ከሰው ቁመት ረዘም ያለች፣ ለምለም ሣር የለበሰች መሬት አለች።

«ይቺን አደራ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አትርገጧት። አትክልት አትትከሉባት፣ ከብት እንዳይቆምባት። አሕመድኑር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ነው አደራ ያለኝ።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ዓይናቸውን ሰበር ሲያደርጉ ሁሉም የገባኝ መሰለኝ። ወሎ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ መሬት ባለበት ግቢ ሰው ለስለስ ብሎ ያልፋል እንጂ ጥያቄ አያበዛም።

ጎረቤቴ ፈይዛ ደግሞ ነገሩን አጸናችው። ፈይዛ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትስቅ አጥሩ ይነቃነቃል። በገባን ሰሞን ዳቦ ይዛ መጣችና ወደ ጓሮ አይታ ሻሿን አስተካከለች። «አውልያ ናቸው የተቀበሩባት፤ የአላህ ሰው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ቁመታቸውን አታይም? የድሮ ሰው ናቸው። ወላሂ፣ በዚህ ብርድ እንኳ አመዳይ አያርፍባቸውም። ሲነጋ ወጥተሽ እይ።»

ሲነጋ ወጥቼ አየሁ። ኅዳር ነበር። ጥርት ብሎ ያደረው ሰማይ አመዳዩን ምድሩ ላይ ነስንሶ ሄዷል። ግቢው በሙሉ ነጭ ነው፤ የጎመኑ ቅጠል፣ የእንጨቱ ክምር፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሳይቀር። በዚያ ሁሉ ነጭ መሃል ያቺ መሬት ብቻዋን አረንጓዴ ሆና ተኝታለች። ከላይዋ ስስ እንፋሎት ይነሳል፤ ብርድ ላይ የተኛ ሰው ሲተነፍስ እንደሚታየው። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ነካሁት። ለብ ይላል።

እዚያ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዓባይ ሸለቆ የተነሳ ጉም ቀስ እያለ መጣና መጀመሪያ አጥሩን፣ ከዚያ የፈይዛን ቤት፣ ከዚያ የራሴን ቤት ዋጠው። እኔና ያቺ መሬት ብቻ ቀረን። ዶሮ የሚጮኸው ከሰማይ ይሁን ከምድር አይለይም። ደስ የሚል ፍርሃት ፈራሁ። ሱቅ መክፈት እንዳለብኝ እንኳ ረስቼው ነበር።

አባቴ አዲሱ ቤት ተስማማቸው። መጀመሪያ ቀን ሽንት ቤቱን ሳሳያቸው መቀመጫውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት፣ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ዞረው አዩት። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳያስቸግሩ ገብተው ይወጣሉ። ውሃ በጆግ ይደፋሉ፣ በሩን ራሳቸው ይዘጋሉ። መጠጣት ጀመሩ። አንድ ቀን እንዲያውም «ጠላ የለም እንዴ እዚህ አገር?» ብለው ተቆጡኝ። እንዲህ በቁጣ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማለዳ ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደዚያች መሬት አድርገው ይቀመጣሉ። «እንዴት አደሩ ጌታው?» ይላሉ። መልሱን ጠብቀው ደግሞ «ይመስገን» ይላሉ። ስለ ገብሱ ያወሯቸዋል፣ ስለሸጡት በሬ፣ ስለ እናቴ። እኔ እቃ እያጠብኩ እሰማለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ይህን ያህል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

«በሕልሜ መጡ» አሉኝ አንድ ጠዋት። «ምንም አላሉኝም፤ ከጎኔ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ብርዱ ሄደ።»

«ክርስቲያን ናቸው እስላም?» አልኳቸው ለማሾፍ።

«የተኛን ሰው ሃይማኖት አይጠይቁም» አሉኝ ኮስተር ብለው። አፍሬ ሳህኔን አጠብኩ።

ታኅሣሥ ሲገባ ሽንት ቤቱ ማጉረምረም ጀመረ። ውሃ ሲደፋበት ወዲያው መሄዱ ቀረ፤ ያመነታል፣ ጉልክ ጉልክ ይላል፣ በመጨረሻ እየተለመነ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ነገ አየዋለሁ እያልኩ ሱቄ እሄዳለሁ፤ የትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። አንድ ቀን ለምሳ ስመለስ አባቴን ሽንት ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። ውሃው ወደ ታች መሄዱን ትቶ ወደ ላይ መጥቶ፣ ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ጎንበስ ማለት የማይችሉት ሰውዬ በከዘራቸው ጫፍ ጋቢያቸውን እየገፉ ወለሉን ያደርቃሉ። ነጩን ጋቢያቸውን።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰበርኩብሽ» አሉኝ። «ዕቃሽን ሰበርኩብሽ፣ ልጄ።»

እርስዎ አይደሉም፣ ቤቱ ነው ያረጀው ብል ማን ይስማኝ! ፖፖው ተመለሰ፤ ፊታቸውም ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ጠዋት የሞላሁት ብርጭቆ ማታም ሙሉ ነው። በረንዳው ላይ መውጣታቸውን ብቻ አልተዉም፤ ወሬያቸው ግን ተለወጠ። ስለ ገብስ ማውራቱ ቀረና እዚያ ታች ይሞቅ እንደሆነ፣ ጸጥታው እንዴት እንደሆነ ይጠይቋቸው ጀመር። «ትናንት ጌታው ጠጋ በል አሉኝ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ቦታ አለ አሉኝ።» ያቺን ፈገግታ ሳይ ገባኝ። አባቴ ሊሞቱ ነው፤ ከኩላሊቱ ዕፍረቱ ቀድሞ ሊገድላቸው ነው።

ባህሩ ዘንድ ሮጥኩ። ባህሩ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ወግዲ አንድ ቀዬ ነው ያደግነው፤ ሥራው ጥሩ ነው ወሬው ይበልጣል። መቀመጫውን ነቅሎ ሽቦ ላከበት፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ቱቦው ደህና ነው» አለ። «የታፈነው ወዲያ ጫፉ ላይ ነው። ይሄ እንደ ጓሮ ሽንት ቤት ቀጥ ብሎ የሚገባ ጉድጓድ አይደለም፤ ከመሬት በታች በሲሚንቶ የታሰረ ታንከር አለው። ሞልቶ ይሆናል። የት ነው ያለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ቤት ገዝተሽ ሆዱ የት እንዳለ አልጠየቅሽም?»

እትዬ ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጤናዬን፣ የአባቴን ጤና፣ የፈይዛን ልጆች ጠየቁኝ። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ የት እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ድምፃቸው ቀነሰ። «እሱ ነገርማ... ወዲያ ነው ልጄ። ወደ ጓሮ።» ጓሮ የት ጋ ስል «ወይ ኔትወርኩ!» አሉና ዘጉት። ኔትወርክ እንዲህ ለሰው ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

ባህሩ ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጀምሮ ቱቦውን እየተከተለ መቆፈር ያዘ። ማለዳ ነው፣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ ዶማው ከፍ ሲል ይጠፋል፣ ሲወርድ ይታያል። ፈይዛ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታየናለች። አባቴ በረንዳቸው ላይ ናቸው። ቱቦው ወደ ግራ አላለም፣ ወደ ቀኝ አላለም፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ ከተደረደሩት ድንጋዮች ሥር ገባ። ባህሩ ዶማውን መሬት ላይ አጋደመና ላቡን ጠረገ።

«የኔአለም፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«እዚህ ላይ ዶማ አላሳርፍም ማለት ነው።»

«ያረቢ!» አለች ፈይዛ ከአጥሩ። «አሕመድኑር በእኚህ ሰው ሥር ቱቦ አሳለፈ? ያ ለሰው የሚያዝን ሰው?»

ባህሩ ሌላ ጉድጓድ ሌላ ቦታ እንቆፍር አለ። የዚህ ግቢ መሬት አንድ ክንድ ከተወረደ አለት ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። አባቴ ሳምንታት አልነበራቸውም። ይህን እያሰብኩ ሳለ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ተዉአቸው!» አሉ ከወንበራቸው ለመነሳት እየታገሉ። «የተኛን ሰው ለእኔ ብላችሁ አትቀስቅሱ። እኔ አላፊ ነኝ። እሳቸውን ተዉአቸው።»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «አባዬ፣ ለሞተ ሰው ሲያዝኑ እኔን መግደልዎ አይታይዎትም?» አልኳቸው። «እርስዎ ሲሄዱ እኔ ለማን ነው የምገባው? ይህን ቤት ለማን ነው የገዛሁት?» ባህሩ መሬት መሬት አየ፣ ፈይዛ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ድንጋዮቹ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። ጉሙ ዙሪያዬን ከቦኛል፤ ከሥሬ ያ ለብ ያለ ትንፋሽ እግሬን ይነካዋል። እንባዬ መጣ። «ማን ነዎት?» አልኩ ወደ ሣሩ። «ስምዎን እንኳ አላውቅም። አባቴን ነው የሚወስዱብኝ።» ሣሩ ላይ ያለው ጠብታ ያበራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያች ደቂቃ የሚመልስልኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ እንዳለ ታየኝ፤ ስልኬን አውጥቼ ደሴ ደወልኩ። እጄ እርጥብ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ ዘይነባ» አልኩ ሰላምታውን ዘልዬ። «ኔትወርክ ጠፋ እንዳይሉኝ። አደራ ያሉኝ መሬት ውስጥ የተቀበሩት ማን ናቸው?»

«የተቀበረ?» አሉ። «የምን የተቀበረ?»

«አውልያው።»

በስልኩ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። ሲስቁ ቆይተው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው፣ ደግሞ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እዚያ የተኛ ሰው የለም። የአሕመድኑር ጉድጓድ ነው። የ... የዚያ ነገር።»

«የምን ነገር?»

«የዚያ ነገር ነዋ! እንዴት ልበልሽ?»

«የሽንት ቤቱ?»

«አፈር ስሆን፣ ቀስ በይ! ሰው ይሰማል!»

ሰው ሰምቷል። ባህሩ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ፈይዛ አጥሩን ተሻግራ መቼ እንደመጣች አላየሁም፣ አጠገቤ ቆማለች። ስልኩ ያወራል። «ክዳኑ ስስ ነው፤ ሰው እንዳይሰጥምበት ድንጋዩን እሱ ነው የደረደረው። አይረገጥም በያቸው አለኝ። እንግዳ ለምን ሲለኝ ምን ልበል? ሰው ምሳ በልቶ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር አወራለታለሁ? አይረገጥም ብቻ እላለሁ። አንዷ ቄጠማ ጣለችበት። ሌላዋ ሽቶ ይዛ መጣች። እኔ አፍሬ ዝም ስል ሰዉ አከበረው። ከዚያማ በምን አንደበቴ ልናገር? ስንት ዘመን ስሰቀቅ ኖርኩ፣ ወላሂ። አሁን እንኳ ለአንቺ ልነግርሽ ብዬ ነበር እጅሽን የያዝኩት፤ አላስወጣኝ አለ።»

«ሽቶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» አለች ፈይዛ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «እትዬ ዘይነባ፣ ለልጄ ፈተና እኮ ተስዬበታለሁ!»

«አለፈች?» አላት ባህሩ።

«አለፈች።»

«እንግዲያስ ምን ቀረብሽ?»

«እውነተኞቹ ይቅር ይበሉን» አለች ፈይዛ፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ አጥሩ ተነቃነቀ። እኔም ሳቅኩ። ዞር ስል ግን አባቴን አየሁ። አልሳቁም። ወደ መሬቷ እያዩ ከንፈራቸውን ገጥመዋል፤ ወዳጅ እንደተቀበረባቸው ሰው። ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ። አንድ የሚያወሩት ሰው ነበራቸው፣ እሱንም በስልክ ወሰድኩባቸው።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ወጡ። አመዳዩ ግቢውን ሞልቶታል፣ መሬቷ እንደ ልማዷ አረንጓዴ ናት። አባቴ እንዴት አደሩ አላሉም። ጎህ ሲቀድ የሞላሁት ብርጭቆ አጠገባቸው እንደሞላ ነው። ልቤ ተሰበረ፣ ግን ባህሩ ስለመጣ ማልቀሻ ጊዜ አላገኘሁም።

ባህሩ ሣሩን በአካፋ ገፎ በተረከዙ መታ አደረገው፤ ከታች ባዶ ድምፅ መለሰለት። የብረት ቀለበት ያለው የሲሚንቶ ክዳን ወጣ። ሲነሳ ፈይዛ በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ክፍል ነው፣ መሃሉ በግንብ የተከፈለ። የመጀመሪያው ክፍል እስከ አፉ ሞልቷል፤ ላዩ ግራጫ ሆኖ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«አመድ ነው» አለ ባህሩ በእንጨት እየወጋው። «እትዬ ዘይነባ እንደ ጓሮ ጉድጓድ ሽታ እንዳይኖረው አመድ ሲያጎርሱት ኖረዋል። የጓሮ ጉድጓድ አመድ ይወዳል፣ ይሄ ግን አይወድም። ሕይወት አለው ይሄ። አመዱ ሥር ሄዶ ደለል ሆነ፣ መውጫውን ደፈነው። ከተሠራ ጀምሮ የተከፈተም አይመስልም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አሉ።»

ደግነቱ የሆቴሎቹን ጉድጓድ ሊመጥ ከደሴ የመጣ መኪና ያን ሰሞን ከተማ ውስጥ ነበር። ባህሩ ሹፌሩን ለምኖ አመጣው። ያን ትልቅ መኪና በእኛ ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ሲያስገቡት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አንዱ ግራ ይላል፣ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ አጥር ያቃናል። ቱቦው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲያጓራ አባቴ ወንበራቸውን ወደ በረንዳው ጠርዝ አስጠጉ። እንደ ሌላው ሰው አፍንጫቸውን አልያዙም። አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ሁሉንም አትምጠጠው!» አለ ባህሩ ለሹፌሩ። «ከሥሩ ትንሽ ተውለት፣ እርሾ ይሁነው።»

«እርሾ?» አሉ አባቴ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

ባህሩ ወሬ ካገኘ ማን ያቆመዋል? በረንዳው ላይ ወጥቶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። ከባዱ ወደ ታች እንደሚዘቅጥ፣ ቀላሉ እንደሚንሳፈፍ፣ የመሃሉ ውሃ ጠርቶ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ከዚያም ድንጋይ ወደተሞላ ጉድጓድ ሄዶ መሬት ውስጥ እንደሚሰርግ በጣቱ እየሣለ ነገራቸው። በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች እዚያ ውስጥ እየበሉ ይኖራሉ፤ በረኪና ሲበዛባቸው ይሞታሉ፣ ጨርቅ ያንቃቸዋል፣ አመድ ይቀብራቸዋል። በየጥቂት ዓመቱ ከፍቶ ማየትና ማስመጠጥ ነው። ሥራቸው ደግሞ ያሞቃቸዋል። «ለዚህ ነው አመዳይ የማያርፍበት፣ አባባ።»

«እንደ ፍግ ነዋ!» አሉ አባቴ።

«እንደ ፍግ።»

«የፍግ ክምርም ይሞቃል። ክረምት ከበጋ ይጨሳል። አመዳይ አይነካውም።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እኔ ሞኝ! ዕድሜዬን በእጄ የዛቅሁትን ነገር ሳላውቀው ቀርቼ፣ ጌታው እያልኩ ደጅ ስጠና ከረምኩ!» እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፈይዛም ሳቀች፣ ሹፌሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ። አባቴ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ዓይናቸው ከእኔ ላይ ቆመ። «ከላም ሲወጣ ፍግ ነው፣ ሰው ይሻማበታል» አሉኝ። «ከሰው ሲወጣ ነው ነውር የሚሆነው። አይገርምሽም?»

«ይገርመኛል፣ አባዬ።»

«በየጠዋቱ ይዘሽ ትወጪ ነበር።»

«እወጣ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ግድግዳ አያለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ ተነጋገርን ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በዚያ ሁሉ ሽታ መሃል።

መኪናው ሄደ። ባህሩ መውጫውን ጠርጎ፣ ክዳኑን መልሶ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ቦታው ላይ አሰረው። ፈይዛ ከቤቷ ሽሮ ይዛ መጣች፣ እኔ እንጀራ አቀረብኩ፤ ፀሐይዋ ጉሙን ገፋ ሞቅ ስላደረገችው ሁላችንም በረንዳው ላይ ከበን ተቀመጥን። አጥር ሲያቃኑ የነበሩት ጎረቤቶችም ቀርተዋል። ሰው ፊት መብላት የተዉት አባቴ እንጀራውን በደንብ ቆርሰው ጎረሱ።

«ውሃ» አሉ።

ብርጭቆውን አቀበልኳቸው። ዘቅዝቀው ጠጡት፤ ጉሮሯቸው ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። «ድገሚኝ» አሉ። ደገምኳቸው። ያንንም ጨረሱት። ሰዉ ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወራል፣ እኔ ምንም አልሰማም፤ እሳቸውን ብቻ አያለሁ። ጥቂት ቆይተው ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ተደግፈው ቆሙ። ድሮ ቢሆን ዓይናቸውን ሰብረው፣ ሰው ሳያያቸው ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዱ ነበር። አሁን ማሳ መሃል እንደ ቆመ አራሽ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የኔአለም፣ ሽንት ቤት ልሄድ ነው!»

የፈይዛ እጅ ሽሮው ላይ ቀረ። እኔ ክንዳቸውን ልይዝ ብድግ ስል በከዘራቸው መለሱኝ። «ተቀመጪ፣ ምሳሽን ብዪ። መንገዱን አውቀዋለሁ።» እየጎተቱ፣ ሳይቸኩሉ ገቡና በሩን ዘጉት። ባህሩ እንኳ አላወራም። ከውስጥ ጆጉ ባልዲ ውስጥ ሲጠልቅ ተሰማ፣ ውሃው ሲደፋ ተሰማ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

«ሄደ!» አሉ አባቴ በሩ ውስጥ ሆነው። «ልጄ፣ ሄደ!»